ወደ ላይ እለፊ

ጥቅምት 2

ዛሬም «ተጠባባቂ» ተባልኩ። አቶ አዳነ በመምህራን ስብሰባ ላይ ስሜን ሲጠራ ቃሏን ረገጥ አድርጎ ነው የሚያወጣት፤ «የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ፣ መምህርት ፀደይ ላቀው»። ርዕሰ መምህር ሆኖ ሌላ ሥራ የለውም መሰለኝ። ነባሩ ኃላፊ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ፕሮግራም የማወጣው እኔ ነኝ። መምህር ሲቀር ክፍል የምገባው እኔ ነኝ። ወላጅ ሊጮህ ሲመጣ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው። ቦታው ግን «ክፍት» ነው ይላሉ። ተቀምጬበት ክፍት ነው።

አሁን ደግሞ ውድድር አመጡ። ተወዳዳሪዎቹ እኔና መልካሙ ነን። መልካሙ ማለት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ እንደመጣ የትምህርት ዕቅድ አጻጻፍ ያሳየሁት ልጅ ነው። እያንዳንዳችን ብዙ ፍቺ ያለው አንድ ተራ የእንግሊዝኛ ቃል ይዘን በኮሚቴ ፊት ሞዴል ክፍለ ጊዜ እናስተምራለን። ዕጣ ወጣ። ለእሱ «ራን»፣ መሮጥ፣ ደረሰው፤ ለእኔ «ፕሌስ»። ቦታ። ዕጣውም ያሾፍብኛል።

ጥቅምት 4

ሳሎኔ ሆስፒታል ሆኗል። አባቴን፣ ግራ ጌታ ላቀውን፣ በመስቀል ማግስት ስትሮክ መታቸው። ጎረቤቴ ሐምዛ በመኪናው ጃናሞራ ድረስ ሄዶ፣ ከመካነ ብርሃን ማዶ ካለችው መንደራችን አመጣልኝ። ሆስፒታል ሰንብተው አሁን እኔ ቤት ናቸው። ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም፣ ምላሳቸው ይተሳሰራል፤ አእምሮአቸው ግን እንደ ድሮው ነው።

ታላቅ እህቴ ይርገዱ አብራቸው መጥታለች። ልጅ ሳለሁ «እታለም» ነበር የምላት፤ አሁን በስሟ ነው የምጠራት፤ ሁለታችንም ትልልቅ ሰዎች ነን። ገብሷን ለባሏ ለአላምረው ጥላ መጣች። ይኸው ማታ ማታ ይደውልና አጨዳው እንዴት እንደሆነ ይነግራታል፤ እሷም እየጮኸች ትመልሳለች፣ ስልኩ ከጎንደር እስከ ጃናሞራ በጩኸት የሚሄድ ይመስል።

ሶፋ ላይ አትቀመጥም። የመጣች ሰሞን ቀሚሷ ቅቤ ቅቤ ስለሚል፣ ሶፋው እንዳይበላሽ ጨርቅ አንጥፌላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወለሉ ላይ፣ አልጋው ግርጌ ነው ቦታዋ። ሰው ሲመጣ ያሳፍራል። ብነግራትም «እዚህ ይሻለኛል» ትላለች። ኩራት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል።

አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ነው የመጡት። መቆም ለማይችል ሰው መቋሚያ ምን ያደርጋል? ከበሩ ኋላ፣ ከጃንጥላው ጋር አቆምኩት። ማታ ስመለስ ራስጌያቸው ተደግፎ አገኘሁት። መለስኩት። ጠዋት ደግሞ ራስጌያቸው ነው። ተውኩት።

ጥቅምት 8

አልማዝ አባቴን ልትጠይቅ መጣች። የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ናት። የመጣችው ግን ወሬም ይዛ ነው። አቶ አዳነ ለአንዱ የኮሚቴ አባል ስለ እኔ ሲያወራ ሰምታለች፤ «ጎበዝ ናት፤ ግን ልኳን አታውቅም» አለ አለችኝ።

ልኳን! ልኬ ስንት ነው? መለኪያው ማን እጅ ነው? የእሱን ሪፖርት በእንግሊዝኛ የሚያርምለት ማን ሆነና?

አልማዝ ልትሄድ ስትል ይርገዱ ሰሃኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። «ሠራተኛሽ ቀልጣፋ ናት፤ ከየት አገኘሻት?» አለችኝ። ከጃናሞራ አልኩ። ውሸት አይደለም። በአዳነ ነገር እየተቃጠልኩ ስለ ዘመድ አዝማድ የማስረዳበት አንጀት አልነበረኝም። የጓዳው ቧንቧ ክፍት ስለነበር የሰማች አይመስለኝም።

ጥቅምት 9

ጠዋት ጫማዬ ተጠርጎ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ይርገዱ ናት። ማን አዘዛት?

ጥቅምት 12

በጥድፊያ። «ፕሌስ»ን ስቆፍር ዋልኩ። ፈረንጆቹ «ቴክ ፕሌስ» ሲሉ ነገሩ ተካሄደ ማለታቸው ነው፤ «ስብሰባው ቦታ ወሰደ» ብሎ የሚተረጉም ተማሪ አለኝ። «ኢን ዘ ፈርስት ፕሌስ» ሲጀመር ማለት ነው፤ ሲጀመር ውድድሩ ለምን አስፈለገ? «አውት ኦፍ ፕሌስ» ያለ ቦታው የገባ ነገር ነው፤ ለምሳሌ አቶ አዳነ በርዕሰ መምህር ወንበር ላይ። ይህን ምሳሌ ሰረዝኩት።

«ኖው ዩር ፕሌስ»። ለዚህኛው አማርኛችን ቦታ አይልም፤ ልክ ነው የሚለው፤ ልክህን እወቅ። ፈረንጁ ሰውየውን የት እንደሚቆም ይነግረዋል፣ እኛ ቁመቱን እንለካዋለን። ይህን ማስተማር እችላለሁ፤ ሳልናደድ ማስተማር መቻሌን ግን እንጃ።

ቤታቸውንም «ማይ ፕሌስ» ይሉታል። ይህን አስቀርቼዋለሁ፤ ክፍለ ጊዜው ለሁሉ አይበቃም።

ጥቅምት 15

አባቴ ዛሬ ምላሳቸው ሳይተሳሰር ተናገሩ። «ሚካኤል ስንት ቀን ቀረው?» አሉኝ። ኅዳር ሚካኤልን ነው፣ የደብራችንን ዓመታዊ በዓል።

ሐሳባቸው ገብቶኛል። በማኅሌት ጊዜ ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ ቀኝና ግራ፤ አንዱ ወገን ሲያነሳ ሌላው ይቀበላል። አባቴ የግራው ራስ ናቸው። የሚቆሙት ከግራው ዓምድ ሥር ነው፤ እዚያ ጋ ምንጣፉ ከመቆማቸው ብዛት ሳስቷል። በደብራችን ወግ ግራ ጌታ በሕይወት እያለ በቦታው ማንም አይቆምም። ታሞ ቢቀር ቦታው ክፍት ሆኖ ያድራል። የሚተላለፈው በዓመቱ በዓል፣ በማኅሌቱ መካከል፣ መቋሚያውን በገዛ እጁ ለተተኪው ሲያስረክብ ብቻ ነው። ሳያስረክብ ከሞተ ግን ዓመቱን ሙሉ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍቱን ይተዉታል። አባቴ ለዚህ የሚሉት ቃል አላቸው፤ «ኮብልሎ የሞተ» ይሉታል እንዲህ ያለውን ሰው። ኮብልለው መሞት አይፈልጉም።

እኔ ደግሞ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ ምን አሰብኩ? የእሳቸው ቦታ ሳይቆሙበት የእሳቸው ነው። የእኔው ተቀምጬበት የእኔ አይደለም። ተናደድኩ፤ በታመመ ሰው ሊቀና የሚችል ሰው ሆኛለሁ።

«እንወስድዎታለን» አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ይርገዱም ከወለሉ ላይ ሆና እጄን ሳመችው። ነጠቅኳት። እጅ አይሳምም እኔ ቤት።

ጥቅምት 18

መሪጌታ ፋንታሁን ደወለ። የአባቴ ተማሪ ነው፤ ተተኪያቸውም እሱ ነው። «ግራ ጌታን ለበዓሉ እንጠብቃለን፤ መኪናው ከሚቆምበት ጀምሮ ወጣቶቹ በቃሬዛ ይሸከሟቸዋል» አለኝ። ድምፁ ማር ነው። አውቄብሃለሁ አልኩ በልቤ። ሰውየው አልጋ ላይ ናቸው፣ እሱ ቦታቸው እንዳያመልጠው ይጣደፋል። እሱና መልካሙ የአንድ እናት ልጆች ይመስሉኛል። «እስቲ እናያለን» ብዬ ዘጋሁት።

«ምን አለ?» አለች ይርገዱ።

ስለ ጤናቸው ጠየቀ አልኳት።

ጥቅምት 22

ዶክተሩ ዛሬ አያቸው። የደም ግፊታቸው ወርዷል፤ «ከተጠነቀቃችሁ፣ ተኝተው ከሆነ፣ አገራቸው ደርሰው መመለስ ይችላሉ» አለ። ቤት ስንገባ «መጠንቀቅ አለብን ብሏል» አልኳቸው። ብሏልም።

ጥቅምት 25

ቀኑ ተቆረጠ። ሞዴል ክፍለ ጊዜው ኅዳር 11 ነው።

ሚካኤል 12 ነው፤ ማኅሌቱ የሚቆመው በ11 ማታ ነው። ከዚህ እዚያ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ መንገድ ነው። አቶ አዳነ ቢሮ ገብቼ ቀኑ ወዲህ ወይም ወዲያ እንዲልልኝ ለመንኩት። ለመንኩት ብዬ መጻፌ ራሱ ያንገበግበኛል። ወንበሩን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ «የቤተሰብ ጉዳይ ካለብሽ መልካሙ ብቻውን ሊቀርብ ይችላል» አለኝ። ፈገግ ብሎ። ያቺን ፈገግታ እስክሞት አልረሳትም።

ይርገዱ ይዛቸው ትሂድ የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር፤ ወዲያው ተውኩት። ሆስፒታል ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፣ ከዶክተር ጋር የተነጋገርኩት እኔ ነኝ፣ መድኃኒት ፍለጋ ፒያሳን ከላይ እስከ ታች የዞርኩት እኔ ነኝ። አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ «ግራ ጌታ ዳኑ» ሲል ከጎናቸው የምትታየው ግን ይርገዱ ልትሆን ነው። ለአንድ ቀን እንኳ የሠራሁት ሥራ በእኔ ስም ቢቆጠር ምን ነበረበት? ደግሞም እየተሻላቸው ነው። ለከርሞ ያስረክባሉ። ሚካኤል የትም አይሄድም።

ጥቅምት 29

ሐምዛን ደረጃው ላይ አገኘሁት። ትናንት ደባርቅ ደርሶ መጣ። መንገዱ ሰሞኑን ተዘግቶ ነበር፤ አሁን ሰላም ነው፣ ወደ መካነ ብርሃንም መኪና እየወጣ ነው አለኝ። ሽማግሌውን መቼ እንውሰድ ሲለኝ አስታውቅሃለሁ አልኩት።

ቤት ገባሁ። አባቴ አዩኝ። ይርገዱ አየችኝ። «መንገዱ አሁንም ዝግ ነው» አልኩ።

ይህን የምጽፈው ለመናዘዝ አይደለም። መንገድ በአንድ ቀን ሊዘጋ ይችላል። ከነገ ወዲያ ቢዘጋ ዋሸሽ የሚለኝ ማንም የለም።

ኅዳር 2

ተጣላን። መጻፍ የምችለው አሁን ነው፣ አባቴ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ይርገዱ አልጋውን ገፍታ ወደ ግራው ግድግዳ፣ ከመስኮቱ ሥር አዙራዋለች። ሶፋው ተገፍቶ ቴሌቪዥኑን ጋርዶታል። ምን ሆነሽ ነው አልኳት። እሳቸው ናቸው ያሉት፣ በቀኝ በኩል ተኝተው እንቅልፍ እንቢ ብሏቸው፣ ሙሉ ዕድሜያቸውን በግራ ቆመው በቀኝ መተኛት አልሆን ብሏቸው ነው አለች። የሰው ቤት ዕቃ አይነካም፣ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት አልኩ። የሰው ቤት ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ሳስበው እንግዳ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ግን አፌ እንዳመጣልኝ ነበር።

እሷ ግን አልጋውን ትታ ሌላ አነሳች። ከጓዳ በር ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን እያጠበቀች።

«ምነው ፀደዬ? አላምረው እኮ ትናንት መካነ ብርሃን ገበያ ወርዶ ነበር። ከደባርቅ መኪና ሲገባ ሲወጣ አይቷል። ምነው ዝግ ነው አልሽን?»

ጮህኩ። ሥራ እንዳለብኝ፣ ኑሮዬ እንዳለ፣ እዚህ ድረስ የደረስኩት በጥርሴ ነክሼ እንደሆነ፣ ስለ ዶክተርም ስለ ደምም ምንም እንደማታውቅ ነገርኳት። ከዚያ «ልክሽን እወቂ» አልኳት።

አላለቀሰችም። «እሺ» አለች። «እሱንማ አውቃለሁ።» ገብታ የአባቴን ሾርባ ማሞቅ ጀመረች።

ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ሰውን ታናድድና እሷ ሾርባ ታሞቃለች።

ኅዳር 6

እሑድ። ከማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን በድምፅ ማጉያ ማኅሌት ይሰማል። ሻይዬን ይዤ ሳሎን ብቅ አልኩ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ደህናዋ ግራ እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ትመታለች። ቀኙ ወገን ሲያነሳ እጃቸው ታርፋለች። ግራው የሚቀበልበት ጊዜ ሲደርስ ትነሳለች፤ አንድም ጊዜ አልሳቱም። ይርገዱ ወለሉ ላይ ሆና እግራቸውን ይዛለች።

ሲያልቅ ዓይናቸውን ገለጡና እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ መንገዱ ገና ነው?»

ገና ነው አልኩ።

ይርገዱ ቀና ብላ አላየችኝም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ ዋልኩ፤ በጎረቤት ልጆች ጩኸት፣ በመብራቱ መጥፋት፣ በሻዩ መቀዝቀዝ። በመልካሙ ደግሞ በተለይ፤ ዛሬ እሑድ ሆኖ እንኳ።

ኅዳር 10

ነገ ነው። ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ተዘጋጅቷል። ሰማያዊ ቀሚሴን ይርገዱ ተኩሳዋለች፤ ሸጋ አድርጋ። ስንት ሰዓት እንደምወጣና ስንት ሰዓት እንደምመለስ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ተጸጽታለች መሰለኝ፤ ቂም የያዘ ሰው ቀሚስ አይተኩስም። እኔም ለከርሞ ራሴ እወስዳቸዋለሁ፣ አብረን እንሄዳለን አልኳት። «እግዜር ያሰንብተን» አለች።

ሐምዛ ደረጃው ላይ አገኘኝና ሰላምታ ሳይጨርስ ወረደ። ምን ነካው?

ኅዳር 11፣ ደባርቅ

ከየት ልጀምር? ከትምህርቱ ልጀምር።

አማረልኝ። እንዲህ አምሮልኝ አያውቅም። ተማሪዎቹ ራሳቸው ከአማርኛው እየተነሱ ፍቺ አወጡ። መጨረሻ ላይ «ኢፍ አይ ወር ኢን ዩር ፕሌስ» ላይ ደረስን። ፈረንጁ በሌላው ሰው ቦታ ላይ ልቁም ነው የሚለው፤ እኛ ግን «እኔ አንቺን ብሆን» እንላለን፤ ቦታው አይበቃንም፣ ሰውየውን ራሱን ነው የምንሆነው አልኳቸው። የኮሚቴው ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ አዳነ ሳይቀር ጻፈ። ሰሌዳውን ሳጠፋ አበቃ፣ የእኔ ነው አልኩ።

በምሳ ሰዓት ለአባቴ ልነግራቸው እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። አልጋው ባዶ ነው። አንሶላው ታጥፏል። መቋሚያው የለም። ሶፋው ወደ ቦታው ተመልሷል፣ ቴሌቪዥኑም። ያቺ ያነጠፍኩላት ጨርቅ ታጥባ፣ ታጥፋ፣ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ምድጃው ላይ የእኔ ምሳ አለ፤ ገና ለብ ያለ። ቁልፉን ጎረቤት ሰጥተዋል። የተቀበለችው ሴት እንደነገረችኝ፣ እኔ ከቤት እንደወጣሁ ሐምዛ በመኪናው ይዟቸው ሄዷል።

ሰረቀችኝ! ሌላ ቃል የለኝም። አባቴን ከቤቴ ሰረቀችኝ። ስልኳ አይነሳም። የሐምዛም አይነሳም። ድስቱን ከነምሳው ልደፋው አነሳሁትና መልሼ አስቀመጥኩት። መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆኑስ? ደማቸው ቢጨምርስ? መድኃኒቱን ሰዓቱን ጠብቃ መስጠትስ ታውቃለች? መሳቢያውን ከፈትኩ፤ መድኃኒቱን ሁሉ ይዛዋለች። ዶክተሩ የጻፈውንም።

መናኸሪያ እየሮጥኩ ወረድኩ። ደባርቅ የሚሄድ አንድ ሚኒባስ አገኘሁ። ዳባት ሳንደርስ አቶ አዳነ ደወለ። «ሁለታችሁም ጥሩ ነበራችሁ፤ ኮሚቴው መወሰን ከበደው። ወደ መንፈቁ ተላልፏል። ለጊዜው ባለሽበት ቀጥይ» አለኝ።

ባለሁበት። የት ነው ያለሁት? ሚኒባስ ውስጥ፣ በአንዲት የማላውቃት ሴት ቅርጫትና በመስኮቱ መካከል። አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁት፤ አመሰግናለሁ አልኩት! ለዚህ ነው አባቴን መንገድ ዝግ ነው ያልኳቸው። ለዚህች።

ደባርቅ ስንደርስ ወደ ላይ የሚወጣ መኪና አልነበረም። እዚሁ አድሬያለሁ። ብርድ ነው። አሁን ማኅሌቱ ቆሟል። ለይርገዱ የምላትን ከላይ እስከ ታች አዘጋጅቼዋለሁ።

ኅዳር 13፣ አባቴ ቤት

ትናንት የደረስኩት ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ታቦቱ ገብቷል። ቁልቁል ስወርድ ከበዓል የሚመለሱ ሴቶች አገኙኝ፤ አላወቁኝም። ግራ ጌታን በቃሬዛ እንዴት እንዳስገቧቸው፣ ከግራው ዓምድ ሥር እንዴት ደግፈው እንዳስቀመጧቸው ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። መቋሚያውን በግራ እጃቸው ነው ያስረከቡት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ አለቀሰ አሉ። አንዷ «ልጃቸው እኮ ናት ከጎንደር ድረስ ይዛቸው የመጣች» አለች። አዎ አልኩ።

እኔ አልነበርኩም። ይህን ሺህ ጊዜ ብጽፈው አይቀየርም። ያዘጋጀሁትን ንግግር ግን አልጣልኩትም፤ እንዲያውም እየወረድኩ ጨመርኩበት።

ቤቱ ሙሉ ነው። ሊቃውንቱና ሽማግሌዎቹ ከላይ መደቡ ላይ፣ ጎረቤቱ ከታች። በዚህ ቤት ድግስ ሲኖር ሰው የሚያስቀምጡት አያ ውዱ ናቸው፤ ልጅ ሆኜም እሳቸው ነበሩ። በር ላይ አዩኝና «እንግዳ መጣች፤ አሳልፏት» አሉ።

«አያ ውዱ፣ እኔ እኮ ፀደይ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ እንጂ ልጄ። የጎንደሯ። ደክሞሻል፤ ወደ ላይ እለፊ።»

ሰው ተነሣልኝ። ሽማግሌ ሳይቀር ተነሣልኝ። ወደ ላይ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ አሳለፉኝ፣ ከሊቃውንቱ ጎን። በልጅነቴ እንግዳ ብቻ የሚቀመጥበት፣ እኔና ይርገዱ ውኃ ይዘን ብቻ የምንደርስበት ቦታ ነው።

አባቴ አልጋቸው ላይ ናቸው፣ በግራው ግድግዳ በኩል። መቋሚያው ራስጌያቸው ተደግፏል። ገረመኝ፤ አስረክበዋል አልተባለም? አጠገቤ ያሉትን ቄስ ጠየቅኳቸው። ፋንታሁን ተቀብሎ፣ በቦታው ቆሞ፣ ማኅሌቱን ጨርሶ፣ ቤት ሲገቡ መልሶ እዚያው አቆመው አሉኝ፤ «እስካሉ ድረስ እዚህ ይደር» ብሎ። ፋንታሁን ራሱ የት እንዳለ ፈለግኩ። ከበሩ አጠገብ ቆሞ ጠላ ያሳልፋል። የምናደድበት ሰው አለቀብኝ።

ቀረች ይርገዱ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከጓዳ ትወጣለች፣ ትገባለች። ማንም ተቀመጪ አይላትም። ማንም ተነሽ አይላትም። አባቴ ከሩቅ አይተውኝ በግማሽ ፊታቸው ሣቁ፤ ከዚያ እሷን በእጃቸው ጠሩና አንድ ነገር አሏት። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ እሷ ግን «አሁን እሰጣታለሁ፣ አሁን» ስትላቸው ሰማሁ። እኔ በልቼ እንደሆነ ነው የጠየቋት። እኔን አልጠየቁም።

ማስታጠቢያ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ንግግሬ አፌ ላይ ነበር፤ ስለ ዶክተሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ያለ ፈቃዴ ስለ መሄዷ። እጄን ዘረጋሁ፣ ውኃውን አፈሰሰችልኝ። ሞቅ ያለ ነው፤ ለእንግዳ ነው ውኃ የሚሞቀው።

«እታለም» አልኳት። «ቁጭ በይ እንጂ።»

«እኔማ ቤቴ ነኝ» አለች። «አንቺ ብይ፤ መንገድ ደክሞሻል።»

ከዚያ የተቀመጥኩበትን አየች። መደቡ ላይ ያለው አጎዛ አሮጌ ነው፣ የቅቤና የጭስ ሽታ አለው። እኔ ደግሞ ያንኑ ሰማያዊ ቀሚሴን ነው የለበስኩት፣ እሷ የተኮሰችውን። ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጠችና የበዓል ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች። ነጭ ነው፣ ዓመት እስከ ዓመት የምታስቀምጠው። እጥፍ አድርጋ መደቡ ላይ አነጠፈችው።

«ተነሽማ አንድ ጊዜ። ልብስሽ እንዳይበላሽ።»

ፊቷን አየሁት። ቂም ፈለግኩበት፣ ምፀት ፈለግኩበት፤ ብትሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ምንም የለበትም። ለእንግዳ የሚደረገውን እያደረገች ነው።

ተነሣሁ። አስተካከለችው። ተቀመጥኩበት።